ጠርዙ ያረረ ቅጠል ምን ይናገራል? በኡም ራኩባ ጥቁር መሬት ላይ አዲስ የተተከለ ችግኝ ሲታመም

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ጥላ እንደ ውሃ የሚፈለግ ነገር ነው። ስፍራው በ1977 ዓ.ም. የረሃብ ዘመን አገራቸውን ጥለው የሄዱ ኢትዮጵያውያንን አስተናግዶ ነበር። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ድንበር ሲሻገሩ እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራትም ከ20 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ተጠለሉበት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በፕላስቲክ ሸራና በሣር የተሠራ መጠለያ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከቀትር በኋላ የሚቀመጡበት አይደለም።

በእንዲህ ዓይነት ስፍራ በጎጆ ደጃፍ የሚተከል አንድ ኒም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቤተሰቡ ሳሎን ይሆናል። አንድ የፓፓያ ወይም የሎሚ ተክል ከርዳታ ስንዴና ዘይት ውጭ የሆነ ነገር ለማዕድ ያቀርባል፤ የሽፈራው ቅጠል ወጥ ይሆናል። ስለዚህ ችግኙ ከተተከለ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ የቅጠሎቹ ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር የሚሰማው ድንጋጤ ቀላል አይደለም።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምላሽ ውሃ መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ትክክለኛ ምላሽ ነው። ነገር ግን ችግኙ ውሃ ተኝቶበት በሚሰቃይበት ጊዜም ቅጠሉ በተመሳሳይ መንገድ ይደርቃል፤ በዚያ ጊዜ የሚጨመረው ውሃ ችግኙን ፈጽሞ ይገድለዋል።

ስሕተቱ በመጠለያ ውስጥ ሌላም ዋጋ አለው። በሰብዓዊ ርዳታ ሥራ የሚጠቀሱት ዓለም አቀፍ መስፈርቶች በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ይጠይቃሉ። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና የሚውለው ይኸው ነው። አንድ ተራ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በተሳሳተ ግምት ለአንድ ችግኝ የሚፈስ ጀሪካን፣ ከሩቅ ተሸክሞ የመጣ፣ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ነው።

ያረረ የቅጠል ጠርዝ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ በሚፈለገው ፍጥነት ቅጠሉ ዘንድ አልደረሰም። ለምን እንዳልደረሰ ግን አይናገርም። መልሱ የሚገኘው በአፈሩ፣ በሥሩና ችግኙ ከተተከለ ወዲህ ባሳለፋቸው ቀናት ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዐይን፣ ጣትና የጥፍር ጫፍ ይበቃሉ።

ቅጠል ከጠርዙ መድረቅ የሚጀምረው ለምንድን ነው?

በሱዳን ቤቶች በረንዳና በመንገድ ዳር የሚቀመጠውን ዚር የሚያውቅ ሰው የቅጠልን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። ዚር ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው። ውሃው በሸክላው ገላ በኩል ወደ ውጭ ያዣል፤ ሲተንም በውስጡ የቀረውን ውሃ ያቀዘቅዛል። ቅጠልም ገላው ላይ ባሉ በዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ውሃ እያተነነ ራሱን ከፀሐይ ግለት ይጠብቃል። አየሩ በሞቀ፣ በደረቀና ነፋሱ በበረታ ቁጥር የሚተነው ውሃ ይጨምራል።

የሚተነውን የሚተካው ከሥር የሚመጣው ውሃ ነው። ውሃው በግንዱ በኩል ወጥቶ፣ በቅጠሉ መካከል ባለው ዋና ጅማት ገብቶ፣ በቀጫጭኖቹ ጅማቶች በኩል ወደ ዳር ይደርሳል። የቅጠሉ ጠርዝ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ እንዳለ የቦኖ ውሃ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እርሱ ነው። ለዚህም ነው በውሃ እጦት የሚመጣ ቃጠሎ ከጫፍና ከዳር ተነሥቶ በጅማቶቹ መካከል ወደ ውስጥ የሚገባው። በጅማቶቹ አጠገብ ያለው ክፍል ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

አዲስ የተተከለ ችግኝ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በችግኝ ጣቢያ ሳለ ሥሩ የነበረው በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አፈር ውስጥ ነበር። ሲነቀል፣ ሲጓጓዝና ሲተከል ውሃ የሚመጥጡት ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን ሥሮች በከፊል ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከጥላ ወጥቶ ለፀሐይ ስለተጋለጠ የሚያስፈልገው ውሃ ጨምሯል። ሥሩ ወደ አዲሱ አፈር እስኪዘረጋ ድረስ ባሉት ሳምንታት ገቢና ወጪው አይመጣጠንም።

ችግሩ የበረሃማ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በቤት ግቢ የሚተከለው የጃፓን ሜፕል የተባለ የጌጥ ዛፍ በዚህ የሚታወቅ ነው። በትውልድ አገሩ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግ፣ ቅጠሉ ስስ፣ ሥሩም ወደ ላይኛው አፈር የቀረበ በመሆኑ፣ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ግልጽ ስፍራ ሲተከል በመጀመሪያው የበጋ ወቅት የቅጠሎቹ ጠርዝ ያራል። ባለቤቶቹ በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ግን ሥር ያልያዘ ተክል ለበዛ ፀሐይ መጋለጡ ነው። በኡም ራኩባ ደጃፍ ያለው ኒም የሚገጥመውም ያው ነው። ልዩነቱ አየሩ የበለጠ ጨካኝ፣ አፈሩም የተለየ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው።

ሁለት ጠባይ ያለው አፈር

የገዳሪፍ ሜዳ በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር የተሸፈነ ነው። በሱዳን በኩል ሰፋፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች የተዘረጉት በዚሁ አፈር ላይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩልም በመተማና በሁመራ ቆላ ተመሳሳይ አፈር በስፋት ይገኛል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ አፈር በአጠቃላይ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል።

መረሬ አብዛኛው ክፍሉ ሸክላ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። እነዚህ ሁለት ጠባዮች በችግኝ ላይ ሁለት ተቃራኒ አደጋዎችን ያመጣሉ።

በበጋ ስንጥቁ ሲከፈት ገና ያልጠነከሩትን ሥሮች ይበጥሳል፤ ሞቃትና ደረቅ አየር እስከ ሥሩ ድረስ እንዲገባም መንገድ ይሰጣል። ለችግኙ የፈሰሰው ውሃም በስንጥቁ በኩል ከሥሩ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ሸክላማ አፈር ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ለጣት ርጥብ የመሰለው አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ለሥሩ የሚለቀቅ አይደለም።

በክረምት ደግሞ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት፣ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው፤ ሜዳው ስለሆነም የሚፈስበት የለውም። መጠለያዎቹ በዝናብ ወቅት በጭቃና በጎርፍ የሚቸገሩትም በዚህ ምክንያት ነው። የችግኝ ጉድጓድ በእንዲህ ያለ መሬት እንደ ገንዳ ነው። ውስጡ በላላ አፈርና በፍግ ከተሞላ የአካባቢው ውሃ ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያ ይተኛል።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፤ ውሃ የመምጠጥ አቅሙም ይዳከማል። በዚህም ምክንያት ችግኙ በውሃ ተከቦ ሳለ ቅጠሉ ውሃ ይጠማዋል። ጠርዙ ያራል፤ ተመልካቹም ውሃ ያንሰዋል ብሎ ይጨምርለታል።

መጀመሪያ ቅጠሉን ማንበብ

ቃጠሎው በየትኛው ቅጠል ላይ፣ በቅጠሉ በየትኛው ክፍልና በተክሉ በየትኛው ጎን እንደታየ ማስተዋል ግማሹን መልስ ይሰጣል።

ጠርዙና ጫፉ የደረቀው በአንድ ጎን ባሉ ቅጠሎች ላይ ብቻ ከሆነ መንሥኤው ከውጭ የመጣ ነው። በምዕራብ በኩል ያሉት ብቻ ካረሩ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ፣ በበጋ በሰሜን በኩል ያሉት ካረሩ ደረቁ ነፋስ ሊጠረጠር ይገባል። ከማብሰያ ምድጃ ወይም ከሚቃጠል ቆሻሻ ፊት ለፊት ያለው ጎን ብቻ ከተጠበሰም ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያሻም።

በቅጠሉ መካከል፣ በተለይ ለፀሐይ ፊቱን በሰጠው ክፍል፣ መጀመሪያ ነጣ ያለ ከዚያም ቡናማ የሆነ ሰፊ ጠባሳ ከታየና ጠርዙ ደኅና ከሆነ፣ ይህ ከጥላ ወደ ፀሐይ በድንገት የወጣ ችግኝ ምልክት ነው። በጥላ ሥር የበቀሉት ቅጠሎች ይጎዳሉ፤ በፀሐይ የሚወጡት አዲሶቹ ቅጠሎች ግን ጤናማ ይሆናሉ።

ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች መጀመሪያ ጫፋቸው ከደረቀ፣ የደረቀውና የለመለመው ክፍልም በጉልህ መስመር ከተለየ፣ ጨው መጠርጠር አለበት። ምንጩ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ፣ ያልበሰለ ፍግ፣ ከልክ ያለፈ ዩሪያ ወይም በየቀኑ በአንድ ቦታ የሚደፋ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሊሆን ይችላል። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዲየም ቅጠሉን ከመጉዳቱ በላይ የሸክላማውን አፈር አወቃቀር አበላሽቶ ውሃና አየር እንዳያሳልፍ ያደርገዋል። በአፈሩ ላይ ሲደርቅ የሚታይ ነጭ ቅርፊት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ከረገፉ፣ የላይኞቹም አፈሩ ርጥብ ሳለ ከተንጠለጠሉ፣ ውሃ ተኝቶበታል ማለት ነው። በድርቅ የተጎዳ ቅጠል ግን ብዙ ጊዜ አረንጓዴነቱን ሳይጨርስ ይደርቅና ሲነኩት ይሰባበራል። ሁለቱ ምልክቶች አንዳንድ ጊዜ ስለሚቀላቀሉ ቅጠሉን አይቶ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ቃጠሎ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። በሎሚና በመሰሎቹ ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ፣ ይህ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ነው። አልካላይነት በሚያደላበት ጥቁር አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ በቀላሉ አያገኘውም፤ ውሃ ሲተኛበት ደግሞ ይብሳል። በቅጠሉ ላይ እዚህም እዚያም የተበተኑ ዳራቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች የፈንገስ በሽታ ምልክት ሲሆኑ፣ በማንጎ ላይ በዝናብ ወቅት ይታያሉ። በፓፓያ ቅጠል ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ነጣ ያለ ነጠብጣብ፣ ከሥሩም ሸረሪት ድር መሰል ነገር ካለ፣ በሞቃትና በደረቅ ወቅት የሚራቡ ጥቃቅን ምጥ ተባዮች ናቸው። ሥር የያዘ ኒም በበጋ ቅጠሉን በከፊል ቢያረግፍ ወይም ሽፈራው በድርቅ ጊዜ ራቁቱን ቢቀር ደግሞ የተፈጥሮ ልማዱ እንጂ በሽታ አይደለም።

ቀጥሎ ወደ አፈሩና ወደ ሥሩ

ቅጠሉ ከተነበበ በኋላ ውሃ ከመጨመር በፊት የሚደረገው ምርመራ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።

አንደኛ፣ ጣትን ወይም ቀጭን እንጨትን በሁለት ቦታ ወደ አፈሩ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ቦታ ግንዱ አጠገብ፣ ችግኙ ከከረጢት ጋር ይዞት በመጣው አፈር ውስጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ወጣ ብሎ በጉድጓዱ ዳር ባለው አፈር ውስጥ ነው። የላይኛው አፈር በአንድ ቀን ፀሐይ ስለሚደርቅ ምንም አያስረዳም፤ ቢያንስ የጣት ርዝመት ያህል መግባት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አስገራሚ ነገር የዙሪያው ጥቁር አፈር ርጥብ ሆኖ የችግኙ የራሱ አፈር ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ነው። የችግኝ ጣቢያ አፈር ላላ ያለ በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል፤ ሸክላው ደግሞ የያዘውን ውሃ አይለቅለትም። በዚህ ጊዜ ጥቂት ውሃ በቀጥታ ግንዱ አጠገብ ማፍሰስ ብዙ ውሃ በዙሪያው ከመድፋት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የወጣውን አፈር ማሽተት ነው። ጤናማ አፈር ዝናብ የነካው ምድር ሽታ አለው። የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ውሃ ተኝቶበት አየር አጥቷል።

ሦስተኛ፣ በጎን በኩል በጥንቃቄ ቆፍሮ አንድ ሁለት ቀጫጭን ሥር ማየት ነው። ሕያው ሥር ነጣ ያለ ወይም ክሬም መልክ ያለውና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ሲሆን፣ በጣት ሲይዙት ይላቀቃል፤ ልጡ ወልቆም ክር የመሰለ ውስጡ ይቀራል።

አራተኛ፣ ግንዱን ይዞ በዝግታ መነቅነቅ ነው። ሥር የያዘ ችግኝ አፈሩን ይዞ ይቆማል። እንደተከሉት የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ ወደ ውጭ አልወጣም። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ወይም ታችኛው ክፍሉ ብቻ ተቀድዶ ተተክሎ ሊሆን ይችላል። በከረጢቱ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥር ደግሞ እንደ ገመድ ክብ ሠርቶ ይጠመጠማል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶም መዞሩን ይቀጥላል።

አምስተኛ፣ የግንዱን ታችኛ ክፍል ማየት ነው። በግንዱ ላይ የተለጠፈ ስስ የጭቃ ሽፋን የምስጥ ምልክት ነው። ምስጥ ከአፈር ወለል አጠገብ ልጡን ዙሪያውን ሲበላው ውሃ የሚወጣበት መንገድ ይቆረጣል፤ ችግኙም በጥቂት ቀናት ውስጥ ባንድ ጊዜ ይጠወልጋል። እንዲህ የተጎዳን ችግኝ ውሃ አያድነውም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ችግኙ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው። የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴና ርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብሎ እንደገና መፋቅ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ያረረ ችግኝ ግንዱ ከታች አረንጓዴ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ስለደረቀ ብቻ ተነቅሎ የሚጣል ችግኝ ሳይሞት የተቀበረ እንደማለት ነው።

መልሱ ሲታወቅ ምን ይደረግ?

ምርመራው ድርቅ መሆኑን ካሳየ ውሃውን በዝግታና በጥልቀት መስጠት ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ውሃ ከላይ መርጨት የአፈሩን ፊት ብቻ አርጥቦ ይተንናል፤ ሥሩንም ወደ ላይ እንዲቀር ያባብለዋል። ክዳኑ በመርፌ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ በግንዱ አጠገብ ገልብጦ መቅበር፣ ወይም ያልተለበጠ የሸክላ ገንቦ እስከ አፉ ቀብሮ ውሃ መሙላት ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሥሩ እንዲያዣ ያደርጋል። የሸክላው ዘዴ በብዙ ደረቅ አገሮች ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ውሃ ከማፍሰስ በፊት በዙሪያው ያለውን ስንጥቅ በላላ አፈር መድፈን ይገባል፤ አለዚያ ውሃው ከችግኙ አልፎ ይጠፋል።

ከውሃው እኩል የሚጠቅመው ትነትን መቀነስ ነው። የማሽላ አገዳ፣ ሣር ወይም ቅጠል በችግኙ ዙሪያ መጎዝጎዝ አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፤ እንዳይሰነጠቅም ያግዛል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያህል መራቅ አለበት፤ ምስጥም ሆነ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በምዕራብ በኩል የሚቆም የአሮጌ ጆንያ ወይም የሰሌን ከለላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሻግራል።

ምርመራው የተኛ ውሃ መሆኑን ካሳየ የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ማቆም ነው። ከዚያም ከጉድጓዱ ዝቅ ወዳለው አቅጣጫ ማጠንፈፊያ ቦይ መቅደድ ይገባል። ችግኙ ገና ትንሽ ከሆነ ከነአፈሩ አንሥቶ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ መልሶ መትከል ያዋጣል። ፓፓያ በተለይ በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚሞት መዘግየት አይገባም።

ጨው ከሆነ የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ወደ ሌላ ቦታ ማዞር፣ ፍጉን ከግንዱ ማራቅ፣ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ካለም በንጹሕ ውሃ አፈሩን አንድ ጊዜ ማጠብ ይረዳል። አትክልት የታጠበበት ወይም ያለ ሳሙና ዕቃ የተለቀለቀበት ውሃ ግን ለችግኝ የሚደፋ ጥሩ ውሃ ነው።

በማናቸውም ሁኔታ መደረግ የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ለታመመ ችግኝ ማዳበሪያ መስጠት ነው። ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ስለሚጨምር ውሃ የተጠማውን ሥር ይበልጥ ያስጠማዋል። ሁለተኛው ያረሩትን ቅጠሎች ቶሎ ለቅሞ መጣል ነው። ግማሹ የደረቀ ቅጠል በቀረው አረንጓዴ ክፍሉ ለሥሩ ምግብ እያዘጋጀ ነው። ያረረው ክፍል ተመልሶ አይለመልምም፤ የመዳን ምልክት የሚታየው በአዲሱ ቡቃያ ላይ ነው።

ከመትከል በፊት የሚሠራ መድኃኒት

አብዛኛው የቅጠል ቃጠሎ የሚወሰነው ችግኙ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጥላውንና ውሃውን ቀስ በቀስ መቀነስ ተክሉን ለውጭው አየር ያለማምዳል። በሚተከልበት ጊዜ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ መውለቅ፣ የተጠመጠመው ሥርም መቆረጥ አለበት። በርጥብ ሸክላ ውስጥ ሲቆፈር የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ተወልውሎ እንደ ሸክላ ዕቃ ይለሰልሳል፤ ሥር ሊበሳው አይችልምና በዶማ ጫፍ መፋቅ ይገባል። ጉድጓዱን የሚሞላው በአብዛኛው ከውስጡ የወጣው አፈር ሊሆን ይገባል፤ ያ ገንዳ እንዳይሆን ያደርገዋል።

ከሁሉም በላይ በጥቁር መሬት ላይ ከፍ አድርጎ መትከል ይረዳል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ያሉ አርሶ አደሮች መረሬ መሬታቸውን በእጃቸው ከፍ ያለ መደብና ቦይ እያደረጉ ውሃውን በማጠንፈፍ ስንዴና ጥራጥሬ ማምረታቸው በግብርና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በገዳሪፍ ሜዳ አንድ ችግኝ በጉብታ ላይ ማስቀመጥም የዚያው ብልሃት ትንሹ መልክ ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ዝናቡ በደንብ ጀምሮ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ የተተከለ ችግኝ የበጋው ድርቅ ሳይደርስ ሥር ለመስደድ ጥቂት ወራት ያገኛል። በዝናቡ መጨረሻ የተተከለው ግን ያን ጊዜ አያገኝም።

የዛፉ ምርጫም አለ። በሱዳን ጣልህ የሚባለው የግራር ዓይነትና በአማርኛ በደኖ፣ በአረብኛ ሄግሊግ የሚባለው ዛፍ የዚህ ጥቁር መሬት ተወላጆች ናቸው። ስንጥቁንም ሆነ የክረምቱን ውሃ ችለው ያድጋሉ። ቁርቁራም ጠንካራ ነው፤ ፍሬውም ይበላል። ኒም ድርቅን ይችላል፤ የተኛ ውሃን ግን አይወድም። ሽፈራውና ፓፓያም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ዝቅ ባለው ስፍራ ተወላጆቹን፣ በጉብታውና ውሃ በማይተኛበት ደጃፍ ኒሙንና ፍራፍሬውን መትከል ብዙ ችግኝ ከሞት ያድናል።

ከአንድ ደጃፍ በላይ

በድንበር አካባቢ ዛፍ የሁለት ማኅበረሰቦች ጉዳይ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰፍር ለማገዶና ለጎጆ ማገር የሚቆረጠው እንጨት የአካባቢው ነዋሪም የሚኖርበት ነው። ለከብቶቹ ጥላ፣ ለከሰል ንግዱና ለሙጫው የሚፈልገውም ያንኑ እንጨት ነው። እንጨት ፍለጋ የሚሄዱ ሴቶች በየጊዜው እየራቁ ይሄዳሉ፤ አለመግባባቱም ከርቀቱ ጋር ያድጋል። እአአ ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ስፍራዎች የተፈናቀሉ ሱዳናውያንንም ተቀብላለች። በመሬቱ፣ በውሃውና በእንጨቱ ላይ ያለው ጫናም በዚያው መጠን ጨምሯል።

ዛፍ ተከላ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በተተከለው ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት ሲያስታውቅ ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። ነገር ግን ማገዶም ሆነ ጥላ የሚሰጠው ከተተከለው መካከል የተረፈው ነው። የሚተርፈው ደግሞ በአብዛኛው የሚለየው ከተተከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የበጋ ወቅቶች ነው።

በእነዚያ ወራት ያረረ ጠርዝ ያለው ቅጠል ማየት የተለመደ ነው፤ የሞት ፍርድም አይደለም። ጀሪካኑን ከማንሣት በፊት ጣትን ወደ አፈሩ ማስገባትና ልጡን በጥፍር መፋቅ ግን ሊቀር አይገባም። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው የሚገባበት ቦታ ይታወቃል። ርጥብ ከሆነ ደግሞ ጀሪካኑ ለቤተሰቡ ይቆያል፤ ዶማው ቦይ ይቀድዳል።